ተራራው በሚታይበት ሰዓት በሩ ዝግ ነው

ለተራራው ጥብቅ ሥፍራ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በመስከረም መጀመሪያ በዋናው በር ላይ የተለጠፈው አዲሱ የጎብኚዎች ደንብ ተራራን በዘይት ቀለም የመሣልን ሥራ ከሥፍራው አስወጥቶታል። ደንቡ ሥዕልን በስም ጠቅሶ አይከለክልም። ይሁንና የመግቢያ ሰዓቱ፣ የፈቃድ አሰጣጡ፣ የቀለም እገዳውና የበር ላይ ፍተሻው ሲደማመሩ ውጤቱ ክልከላ ነው። በቃል ስናመለክት የተሰጠን መልስ «ፎቶ አንሥታችሁ ቤታችሁ ሥሩት» የሚል ነበር። ያ መልስ የሥራውን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ ስለመሰለን አቤቱታችንን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆኖብናል።

ከሁሉ የከፋው የመግቢያ ሰዓቱ ነው። በሩ ቀድሞ ንጋት 12 ሰዓት ይከፈት ነበር። አሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ይዘጋል። የተቀነሰው የጠዋት ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ቢመስልም የተራራው ቅርጽ የሚነበብበት ሰዓት በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በጥቅምት ወር በአገራችን ደጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። በዚያን ጊዜ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ድንጋይ ከአምስት ሜትር ተኩል የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ወደ 38 ዲግሪ ከፍ ስለምትል የዚያው ድንጋይ ጥላ አንድ ሜትር ከሩብ ገደማ ይቀራል። በተራራ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ጠዋት እያንዳንዱ ሸንተረር ጥላውን በሚቀጥለው ላይ ስለሚጥል የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ ዓይን ያለ ድካም ይለያል፤ የገደሉ ስንጥቅ፣ የውሃ መውረጃው፣ የእርከኑ ወለል ሁሉ ይወጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚያ ብርሃን የሚሠራ ጀማሪ ሸንተረሮቹን የሚለያቸው ጥቁር መስመር እያሰመረ ነው፤ ሥዕሉም ካርታ ይመስላል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ የሚቀዳው ጥላ ስላልነበረው ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱልን። 3 ሰዓት የገባ ሰው እቃውን ተሸክሞ አፋፉ ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ሸራ ማቆሚያውን በድንጋይ አስሮ፣ ቀለም አውጥቶ፣ በስስ ቡናማ ንድፍ እስኪጥል 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 10 ሰዓት ከበሩ ለመውጣት ደግሞ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መጠቅለል አለበት። የቀረችው ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንባት፣ ጉሙም ከቆላው እየተነሣ ሸለቆውን የሚሞላባት ናት። በማታው በኩል ያለውም ብርሃን እንዲሁ ጠፍቷል፤ ገደሉ የሚቀላው ከ11 ሰዓት በኋላ ነውና።

ብርሃኑ የሚወስነው ጥላን ብቻ አይደለም፤ የሩቁን ቀለምም ይወስናል። አምስት ሸንተረር ተደራርቦ በሚታይበት አፋፍ ላይ ልምድ ያለው ሠዓሊ ከሁሉ አስቀድሞ ፓሌቱ (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳው) ላይ ለየሸንተረሩ አንድ፣ በጠቅላላው አምስት የቀለም ቁልል ያዘጋጃል። የመጨረሻው ሸንተረር አብዛኛው ቲታኒየም ነጭ ሆኖ ጥቂት አልትራማሪን ሰማያዊና የቡርሽ ጫፍ የምታህል በርንት ሲየና የተባለ ቀይ ቡናማ ቀለም ይገባበታል። ወደ ፊት በመጣን ቁጥር ነጩ እየቀነሰ ሲየናው ይጨምራል። ቢጫ የሚገባው ለእኛ በሚቀርቡት በሁለቱ ብቻ ነው፤ በርቀት ቀድሞ የሚጠፋው ቢጫ ነውና። የሩቁ ሸንተረር በጣም የጠቆረው ቦታ ከፊተኛው ጥላ ምንጊዜም ነጣ ማለት አለበት። ይህ አንድ ሕግ ከተጣሰ ተራራው ዘሎ ፊት ይመጣል። ሰማያዊን ከቱቦው እንዳለ ሩቅ ላይ መቀባትም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሩቅ ተራራ ሰማያዊነት ግራጫ ያለበት እንጂ የቀለም ፋብሪካ ሰማያዊ አይደለም።

አምስቱን ቁልል በትክክል መቀላቀል የሚቻለው አምስቱ ሸንተረሮች ተለያይተው ሲታዩ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። ድንጋዩ ራሱ ይለወጣል። እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ የባዛልት ገደል ጠዋት ፀሐይ የነካው ፊቱ ሞቅ ያለ ቡናማ፣ ጥላው ደግሞ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ሁለቱም ከአልትራማሪንና ከበርንት ሲየና በመጠን ልዩነት ይወጣሉ። የገርዓልታ ቀይ የአሸዋ ድንጋይም በዝቅተኛ ፀሐይ ፍም ይመስላል፤ ቀትር ላይ ግን ገርጥቶ ብስኩት ያክላል። ጽሕፈት ቤቱ ያስቀረብን ይህን ልዩነት ነው።

ሰዓቱ የተገደበው ለጥበቃ ሠራተኞች ፈረቃ ሲባል መሆኑ ተነግሮናል። ችግሩ ይገባናል። በዚህ ላይ ያለን ሐሳብ ከታች ይገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈቃዱ ነው። ደንቡ ባለሦስት እግር ማቆሚያ የያዘን ሰው ሁሉ «የቀረጻ ባለሙያ» ብሎ ይመድባል። ስለዚህ አንድ ሠዓሊ እንደ ፊልም ቡድን ይከፍላል፣ ፈቃዱን ከ15 የሥራ ቀን በፊት ቀኑን ቆርጦ ይጠይቃል፣ የሚሰጠውም ለአንድ ቀን ብቻ ነው። 15 የሥራ ቀን በመደበኛው አቆጣጠር ሦስት ሳምንት ነው። ክረምቱ አየሩን አጥቦ፣ ሣሩ ሳይደርቅ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ ያለው ጊዜ ስንት ሳምንት ነው? ከየካቲት በኋላ አቧራውና ጭሱ ሩቁን ይሸፍነዋል። የተፈቀደው ቀን ጉም ከሆነ ደግሞ ክፍያው አይመለስም፤ አዲስ ማመልከቻ ተጽፎ ሌላ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል።

የአንድ ቀን ፈቃድ ለዘይት ቀለም ለምን እንደማይሆን በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው። አምበር በተባለው የአፈር ቡናማ ቀለም የተጣለ ስስ ንድፍ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ለእጅ ይደርቃል። ቲታኒየም ነጭ የበዛበት ሰማይ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ይብሳል። አሠራሩም ቅደም ተከተል አለው፦ የታችኛው ድርብ ስስና ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት። ከተገለበጠ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና የታቹ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል።

30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ሸራ በአንድ ጠዋት እርጥብ በእርጥብ ልትሠራ ትችላለች። እሷም ብትሆን ሰማዩ በጣም ስስ ካልተደረገና በተራራው ጫፍ ላይ ቀጭን ባዶ መስመር ካልተተወለት፣ ነጩ ከገደሉ ቀለም ጋር ይቦካና ጭቃ ይሆናል። 80 በ120 የሆነ ሸራ ግን በአንድ ቀን አይታሰብም። ብርሃኑ ሳይለወጥ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ስለማይሞላ፣ እንዲህ ያለ ሥራ በተመሳሳይ ሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ጠዋት መመላለስን፣ በመካከልም ለመድረቂያ ቀን መተውን ይጠይቃል። በአንድ ቀን ፈቃድ የተጀመረ ትልቅ ሸራ መጨረሻው በግምት መሙላት ነው።

ሦስተኛ፦ የቀለም እገዳው። ደንቡ «ኬሚካል ያለበት ማንኛውም ቀለም» እንዳይገባ ይልና በውሃ የሚሠራውን አክሪሊክ ግን ይፈቅዳል። ምክንያቱ እሳትና የአካባቢ ብክለት ነው። በሁለቱም ላይ ሥጋታችሁ ሥጋታችን ነው፤ ነገር ግን ደንቡ አደጋውን ካለበት ቦታ አልፈለገውም።

አደገኛው ቀለሙ ሳይሆን ማቅጠኛው፣ ማለትም ቀለሙን የሚያሳሳው እንደ ተርፐንታይንና አኳራጅ ያለ ፈሳሽ ነው። የተርፐንታይን ትነት በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ አኳራጅም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። የተልባ ዘይት ግን ለዚህ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ማቅጠኛ እንዳይገባ ብትከለክሉ እንስማማለን። ያለ ማቅጠኛ መሥራት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ቡርሽ ይያዛል፣ ቡርሹ በጨርቅ ተጠርጎ በጥቂት ዘይት ይለሰልሳል፣ ቤት ሲደረስ በሳሙና ይታጠባል።

ይልቁን ደንቡ አንድም ቃል ያላለበት አደጋ አለ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከረጢት ውስጥ ወይም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተወ፣ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደረቅ ሣር ባለበት አፋፍ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው ክዳን ያለው ቆርቆሮና ግማሽ ሊትር ውሃ ነው። ጨርቁ ውሃው ውስጥ ተነክሮ፣ ተከድኖ፣ ከሠዓሊው ጋር ይወጣል። የበሩ ፈታሾች ቱቦ ቀለም ሲነጥቁ የጨርቁን ጉዳይ አንድም ቀን አልጠየቁም።

አክሪሊክ «ውሃ ነው» ተብሎ መፈቀዱም ስሕተት ነው። አክሪሊክ በውሃ የተበተነ ፕላስቲክ ነው። ቡርሹ በየደቂቃው መታጠብ ስላለበት እጥቢው የት ይደፋል? ከአፋፉ ሥር ባለው ምንጭ ዳር ባለቀለም የእጥቢ ምልክት በድንጋዩ ላይ ደርቆ ይታያል፤ ጠባቂዎቻችሁም ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። ከዚያም በላይ አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም። ውርጭ በሚጥልበት ጠዋት የተቀባ ሽፋን ሲደርቅ ይፈረፈራል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ፓሌቱ ላይ እንዳለ በደቂቃዎች ይደርቃል። በዘይት ቀለም በኩልም ቢሆን ጥንቃቄ አያስፈልግም አላልንም፤ መርዛማው የሊድ (እርሳስ) ነጭ ቤት መቅረት አለበት፣ ካድሚየም ያለባቸው ቀለሞች ጥራጊ ሣር ላይ መጣል የለበትም። ፓሌቱ ተጠርጎ ጥራጊው በወረቀት ተጠቅልሎ ይመለስ። እንዲህ ያለ ግዴታ ቢጣልብን ደስ ብሎን እንፈርማለን።

አራተኛው የበር ፍተሻው ነው። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ከአፋፉ የወረዱ ሁለት እርጥብ ሸራዎች፣ ሁለቱም 30 በ40፣ በፍተሻ ጊዜ ከመያዣ ሳጥናቸው ወጥተው ፊት ለፊት ተደርበው በፌስታል ተጠቀለሉ። ሲላቀቁ የአንዱ ሰማይ በሌላው ገደል ላይ ተገልብጦ ተለጥፎ ነበር። በአንደኛው ሸራ ላይ የገደሉ ጠርዝ በስፓቱላ በወፍራሙ የተጣለ ስለነበር ከመሠረቱ ተነቅሎ ሸራው አስቀድሞ የተቀባው ጌሶ የተባለ ነጭ መደብ ታየ። ሌላ ጊዜ እርጥብ ሸራ በመኪና ኮፈን ላይ ተነጥፎ አቧራ ጠጥቷል። የተጣበቀ አቧራ ከእርጥብ ዘይት አይጠረግም፤ እስኪደርቅ ተጠብቆ ይፋቃል፣ ያውም ከቀለሙ ጋር። እርጥብ ሥዕል በጠርዙ ብቻ ነው የሚያዘው። ሁለቱ የግድ አብረው ከተጓዙም በአራቱ ማዕዘን በመካከላቸው የአንድ ሴንቲ ሜትር ቡሽ ይገባል። ይህን ለፈታሾቹ ለማሳየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አምስተኛውን ስንጽፍ በጣም አዝነን ነው። ለጎብኚዎች አዳራሽ በስጦታ የተሰጡት ሁለት ትልልቅ የዘይት ሥዕሎች ያሉበትን ሁኔታ እባካችሁ ሄዳችሁ እዩ።

የመጀመሪያው ከሻይ ቤቱ ጋር በሚጋራው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተሰቅሏል። ግድግዳው በክረምት ይረጥባል። የሸራው ጀርባ አየር ስለማያገኝ ከታች በኩል ሻግቷል፤ በእርጥበቱም ሸራው ረግቧል። ይህን ያየ ሰው እንዲወጠር ብሎ ጀርባውን በውሃ አርሶታል። ውሃ ሸራውን ለጊዜው ይወጥረዋል፤ ነገር ግን በሸራውና በቀለሙ መካከል ያለው የማጣበቂያ ድርብ አብጦ ሲመለስ ቀለሙን ይለቀዋል። በግራ በኩል ሥዕሉ ላይ ካለው የጅብራ ተክል ሥር ጥፍር የሚያህል ቀለም ረግፎ ወለሉ ላይ ነበር። የረገበ ሸራ የሚወጠረው ከጀርባ በማዕዘኖቹ ያሉትን ሽብልቆች በትንሹ መታ መታ በማድረግ ነው። ሻጋታውም የሚከለከለው ከክፈፉ ጀርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው የእንጨት ቁራጮች ተደርገው ከግድግዳው እንዲርቅ ሲደረግ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። «እንዲያበራ» ተብሎ ለበርና ለመስኮት በሚቀባ ቫርኒሽ ተለቅልቋል። የሥዕል ቫርኒሽ ቀለሙን ሳይነካ ወደፊት ሊነሣ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ የሚቀባውም ሥዕሉ ካለቀ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። የእንጨት ቫርኒሽ ግን ከቀለሙ ጋር ይያያዛል፣ ውሎ አድሮም ይቢጫል። በሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ሕፃንም ያውቃል። ያ ሥዕል አምስት ሸንተረር ነበረው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ሰማያዊ ግራጫ የነበሩት ዛሬ የደረቀ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ ሆነዋል። ሩቁ ቀርቧል። አዳራሹ ውስጥ የሚገባ ጎብኚ የሚያየው ጥልቅ ሸለቆ ሳይሆን በጀርባው ቁጥቋጦ ያለበት ግድግዳ ነው።

ፎቶ አንሥቶ ቤት መሥራትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ካሜራ ለሰማዩ ሲለካ ጥላውን ጥቁር ያደርገዋል፣ ለጥላው ሲለካ ሰማዩን ያነጣዋል። በጠዋት ጥላ ውስጥ ያለውን ሰማያዊና ወይን ጠጅ ዓይን ያያል፤ ፎቶው ላይ የለም። የስልክ ካሜራ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ሩቁን ተራራ ያሳንሰዋል፣ እግር ሥር ያለውን ሣር ያገዝፋል። ፎቶ ለዝርዝር ማስታወሻ ይጠቅማል፤ የጅብራ ቅጠል አደራደር፣ የአስታ ግንድ ጥምዝ ከእሱ ሊታይ ይችላል። ቀለሙና መጠኑ ግን ከቦታው መወሰድ አለበት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ለሠዓልያን በሩ ንጋት 12 ሰዓት ይከፈትልን፣ ማታም እስከ 12 ሰዓት ተኩል መቆየት ይፈቀድልን። የጥበቃ ፈረቃ ካልደረሰ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሁን፤ በቡድን ሆነን እንገባለን፣ አብሮን የሚወጣውን ጠባቂ አበልም በጋራ እንሸፍናለን።

ሥዕል ከፊልም ቀረጻ ተለይቶ ይመደብ። በአንድ ቀን ፈቃድ ፋንታ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ በመረጥነው ጠዋት የምንጠቀምበት የስድስት ቀን ፈቃድ ይሰጠን፤ የጉም ቀን አይቆጠርብን።

«ኬሚካል ያለበት ቀለም» የሚለው አንቀጽ ተነሥቶ በምትኩ ማቅጠኛ እንዳይገባ፣ የዘይት ጨርቅ ውሃ ባለው ክዳናም ቆርቆሮ እንዲያዝ፣ ማንኛውም የቀለም ጥራጊና እጥቢ፣ የአክሪሊኩም ጭምር፣ ከሥፍራው እንዲወጣ የሚያዝ ይጻፍ። ረቂቁን አዘጋጅተን በአንድ ገጽ ልናስገባላችሁ ዝግጁ ነን።

በበሩ ላይ እርጥብ ሸራ የሚቀመጥበት አንድ ጠረጴዛ ይደረግ፤ ፍተሻው ሠዓሊው ራሱ ሸራውን ይዞ እያሳየ ይካሄድ።

ሁለቱ የአዳራሽ ሥዕሎች ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሳይጠርጋቸው፣ ሳያርሳቸው፣ ሳይቀባቸው ወርደው ደረቅ ክፍል ውስጥ በቁማቸው ይቀመጡ። የረገፈው ቀለም ካለ በፖስታ ተደርጎ ይጠበቅልን፤ ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላልና። የእንጨት ቫርኒሹን የማንሣቱን ነገር የሥዕል ጥገና ባለሙያ ሳያየው ማንም አይሞክረው።

ሣሩ ሊደርቅ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ኅዳር ከመግባቱ በፊት ቀጠሮ ሰጥታችሁ ብታነጋግሩን፣ ቢቻል ደግሞ ከኃላፊዎቹ አንዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አፋፉ ድረስ አብሮን ቢወጣ እንለምናለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ተራራውን በዘይት ቀለም የምንሥል ሠዓልያንና የሥዕል መምህራን

ግልባጭ፦
ለጎብኚዎች አዳራሽ ኃላፊ
ለበር ጥበቃና ፍተሻ አስተባባሪ